ይሉኛል ብለን የምንሠራው "እኔ"

ለአንድ የረጅም ጊዜ ጓደኛዬ ረዘም ያለ መልእክት ላክሁለት። የተጨነቅሁበት መልእክት ነው። ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ መሃል ላይ አንዲት ቀልድም ጣል አድርጌበታለሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንብቦታል ማለት ነው። መልስ ግን የለም።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከቁብም አልቆጠርኩት። ሥራ ይዞት ይሆናል። አንድ ሰዓት ሲሞላ መልእክቴን ከፍቼ እንደገና አነበብኩት። ቅድም ቀልድ የመሰለችኝ ነገር አሁን ሽሙጥ መሰለችኝ። በሁለተኛው ሰዓት፣ ባለፈው ስንገናኝ ፊቱ ቀዝቀዝ ብሎ እንደነበር ትዝ አለኝ። እውነት ቀዝቅዞ ነበር? እንጃ። በሦስተኛው ሰዓት መጨረሻ ግን ነገሩ ከመልእክቱም ከጓደኛዬም አልፎ እኔው ላይ መጥቶ ነበር። ወሬ የማበዛ፣ ሰው ለይሉኝታ ብሎ የሚታገሠኝ ዓይነት ሰው ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

ልብ በሉ፤ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ጓደኛዬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም እኔው ነኝ። ፍርዱን የሰጠሁት ግን በእሱ ስም ነው።

ሰው ማንነቱን የሚሠራው ከሌሎች ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ ነው ሲባል ሁላችንም "ልክ ነው" እንላለን። አዲስ ነገር አይመስልም። የሚገርመው አሠራሩ ነው። ስለራሳችን የምንይዘው ሥዕል በአብዛኛው የሚቀዳው ሌሎች ስለእኛ ከሚያስቡት አይደለም። ያስባሉ ብለን ከምንገምተው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው።

ሦስት እርምጃ ያለው መስታወት

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የቆየ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ያለው "ይሉኛል" ነው። "አሉኝ" አይደለም። ገና ያልተባለ ነገር ነው። ሰዎቹ ጭራሽ ላያስቡትም ይችላሉ። እኛ ግን ሰምተነዋል፣ አፍረንበታል፣ አካሄዳችንንም አስተካክለንበታል።

በ1902 ቻርልስ ሆርተን ኩሊ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ይህንኑ ነገር በንድፈ ሐሳብ መልክ አስቀመጠው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኩሊ ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች መስታወትነት ነው አለ። ነገሩ ሦስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ለዚያ ሰው እንዴት እንደምንታየው እናስባለን። ቀጥሎ ያንን አይቶ ምን ብሎ እንደሚፈርድብን እናስባለን። መጨረሻ ላይ ወይ እንኮራለን ወይ እናፍራለን።

ከሦስቱ ሁለቱ የሚካሄዱት በሐሳባችን ውስጥ ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም ስሜቱ፣ እውነተኛ ነው። ሰው የኩሊን ሐሳብ ሲጠቅስ ብዙ ጊዜ ይቺን ነገር ይዘላታል። "ሌሎች መስታወታችን ናቸው" ብሎ ያልፋል። መስታወቱን የያዘው ግን የራሳችን እጅ ነው።

ኩሊ መስታወቱ እንደ ሰው እንደሚለያይም አይቷል። ቀጥተኛ ሰው ፊት ስንቆም ሸፋጭ መስለን መታየት ያሳፍረናል። ደፋር ሰው ፊት ፈሪነታችን ያሳፍረናል። አንድ ሰው በንግድ ላይ የሠራትን ብልጠት ለአንዱ በኩራት ያወራታል፤ ሌላው ፊት ሲሆን ግን ያቺኑ ሥራ አምኖ መናገር ያቅተዋል። ሥራው ያው ነው። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

ከኩሊ 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1890፣ አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቦና ምሁር ዊልያም ጄምስ አንድ ሰው የሚያውቁትን ሰዎች ያህል ብዙ ማኅበራዊ "እኔ" አለው ብሎ ጽፎ ነበር። እውነቱን ነው። ለእናቱ የሚያወራበትን ድምፅ ለአለቃው የሚጠቀም ማን አለ? ይህ ማስመሰል አይደለም። ሁሉም እኛው ነን። ችግር የሚመጣው ሁሉም ተመልካች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ግምታችን ምን ያህል ይስታል?

በ1979 ሽራውገር እና ሾነማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። ሰው ስለራሱ ያለው ግምት ከምን ጋር ይገጥማል? መልሱ ሁለት ገጽ ነበረው። ሰዎች ስለራሳቸው ያላቸው አመለካከት፣ ሌሎች ያዩናል ብለው ከሚያስቡት ጋር በደንብ ይገጥማል። ሌሎች በእርግጥ ከሚያዩዋቸው ጋር ግን ወጥ የሆነ መግጠም አልተገኘም።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ዕድሜያችንን ሙሉ በሰው ዓይን ራሳችንን ስናይ ኖረናል። ዓይኑ ግን የሰው አልነበረም።

ግምታችን በየት በኩል እንደሚያዘነብል የሚያሳዩ ሁለት ሙከራዎች አሉ። አንደኛው በ2000 የታተመ ነው። ተማሪዎቹ የዘፋኝ ባሪ ማኒሎን ፊት የያዘ ቲሸርት እንዲለብሱ ተደረገ። በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው የሚያሸማቅቅ ልብስ ነው። እንዲያ ለብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል ገቡ። ስንቱ ሰው ያያችሁ ይመስላችኋል ሲባሉ፣ ግማሹ ያህል አሉ። ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው የራሱን ቲሸርት እያሰበ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የ2018 ጥናት ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ እንዲያወሩ ተደረገ። ከዚያ ለየብቻ ሁለት ነገር ተጠየቁ። ያኛውን ሰው ምን ያህል ወደድከው? እሱስ ምን ያህል የወደደህ ይመስልሃል? ሰዎች በተደጋጋሚ የመወደዳቸውን መጠን ዝቅ አድርገው ገመቱ። ሁለቱም ተዋደው፣ ሁለቱም እንዳልተወደዱ እያሰቡ ተለያዩ። ይህን ጥናት መጀመሪያ ሳነበው ያ ሁሉ ጫጫታ ያለበት ስብሰባ፣ ያ ሁሉ "ምን ነካኝ፣ ለምን እንደዚያ አወራሁ" እያሉ ወደ ቤት መሄድ ትዝ አለኝ። ለካ ያኛውም በሌላኛው መንገድ ይህንኑ እያለ ነበር የሚሄደው።

ከሰው ግምት ወጥተን ወደ አካላችን እንኳን ብንመጣ ነገሩ ያው ነው። ድምፃችሁን ቀድታችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ሲሰሙት ቅጥነቱ ያስደነግጣል። "ይሄ እኔ ነኝ?" ያሰኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስናወራ ድምፃችንን የምንሰማው በአየር ብቻ አይደለም፤ በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ይመጣል፤ ያ ደግሞ ወፈር ያደርገዋል። ሌላው ሰው የሚሰማው በአየር የሚመጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ የእኔን ድምፅ የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ፊትም እንደዚሁ ነው። በ1977 በተሠራ ሙከራ ሴት ተማሪዎች የራሳቸው ፎቶ በሁለት ዓይነት ቀረበላቸው፤ እንዳለ የታተመው፣ እና እንደ መስታወት ግራና ቀኙ የተገለበጠው። ባለቤቶቹ በአብዛኛው የተገለበጠውን መረጡ። ጓደኞቻቸው ደግሞ ትክክለኛውን። ሁሉም የለመደውን ፊት ነው የመረጠው። ፎቶ ስንነሳ "እኔን አይመስልም" የምንለው፣ ጓደኞቻችን ደግሞ "ኧረ ቁርጥ አንተን ነው" የሚሉን ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላ ሰው ሳይኖር መስታወት ምን ያሳያል?

ግምቱ ይህን ያህል ከሳተ፣ "እንግዲያው የሰውን ዓይን ትቼ ራሴን ብሆንስ?" የሚል ይኖራል። ምክሩ በየቦታው ይሰጣል። "የሰውን ወሬ ትተህ ራስህን ሁን።" ጥሩ ይመስላል። አንድ ችግር ብቻ አለው። ያለ ሌሎች ሰዎች "ራስህን" የሚባለው ነገር መጀመሪያውኑ የሚበቅል አይመስልም።

በ1970 ጎርደን ጋለፕ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለቺምፓንዚዎች መስታወት ሰጣቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማደንዘዣ ሰጥቶ ከቅንድባቸው በላይና ጆሯቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀባቸው። ነቅተው መስታወት ሲያዩ እጃቸውን የሰደዱት ወደ መስታወቱ አልነበረም። የራሳቸውን ፊት ነካኩ። ያ በመስታወት ውስጥ ያለው እኔ ነኝ ማለት ነው።

በ1971 ጋለፕና ባልደረቦቹ ሙከራውን ከሌሎች ቺምፓንዚዎች ተነጥለው ባደጉ ቺምፓንዚዎች ላይ ደገሙት። መስታወቱን አዩ፤ ራሳቸውን ግን ያወቁ አልመሰሉም። ዓይናቸው ደህና ነው። መስታወቱም ያው ነው። የጎደለው ሌላ ቺምፓንዚ ነው። የተሞከሩት በጣም ጥቂት ስለነበሩ ብዙ መደምደሚያ ላይጫንበት ይገባል። ቢሆንም ይህ ውጤት ከአእምሮዬ ጠፍቶ አያውቅም።

በሕፃናት ላይ ተመሳሳዩ ሙከራ በ1972 ቢውላ አምስተርዳም በተባለች ተመራማሪ ተሠራ። አፍንጫ ላይ ቀለም አድርጎ መስታወት ማሳየት ነው። ብዙ ሕፃናት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የራሳቸውን አፍንጫ መንካት ይጀምራሉ። በዚያው ዕድሜ ሌላም ነገር አብሮ ይመጣል፤ ማፈር። መስታወት ፊት አንገቱን ደፍቶ በጎን የሚያይ ሕፃን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። "እኔ" እና "እያዩኝ ነው" በአንድ በር ነው የሚገቡት።

ከሁሉም የምወደው ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ሮሻ ከባልደረቦቹ ጋር በ2012 ያሳተመው ነው። እዚህም የሕፃኑ ፊት ላይ ምልክት ይለጠፋል። ልዩነቱ፣ በክፍሉ ያሉት ትልልቅ ሰዎችም ሁሉ ግንባራቸው ላይ ያንኑ ምልክት ለጥፈዋል። ሕፃኑ መስታወት ሲያይ የራሱን ፊት ያውቀዋል። ምልክቱን ለማንሳት ግን ያመነታል። ሁሉም ሰው ለጥፎት የለ? እኔስ ለምን አነሳለሁ? ገና አፉን በወጉ ያልፈታ ልጅ እኮ ነው፤ ፊቱን እያየ ስለሌሎች የሚያስበው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆርጅ ኸርበርት ሚድ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ይህን በጨዋታ ያስረዳ ነበር። ትንሽ ልጅ መጀመሪያ አንድ በአንድ ሰው ይሆናል፤ አሁን ሐኪም፣ ቀጥሎ እናት፣ ቀጥሎ ፖሊስ። ትንሽ ሲያድግ የቡድን ጨዋታ ይገባል። እዚያ ግን የራሱን ቦታ ብቻ ማወቅ አይበቃውም። ኳሱን ሲይዝ የሁሉም ተጫዋች ዓይን በአንድ ጊዜ ውስጡ መኖር አለበት። ሚድ እንዳለው የልጁ "እኔ" የሚጠናቀቀው ያኔ ነው፤ ከአንድ ሰው ዓይን ወጥቶ በቡድኑ ዓይን ራሱን ማየት ሲችል።

ሚድ "እኔ"ን ለሁለት ከፍሎታል። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ፈልጎለታል። አማርኛ አንዲት ፊደል ትበቃዋለች፤ እኔ እና እኔን። "እኔን" ሰው የሚያየኝ፣ የሚጠራኝ፣ የሚመዝነኝ ነው። "እኔ" ደግሞ ለዚያ መልስ የምሰጠው። አንዳንዴ ራሴንም በሚያስገርም መልስ። ሚድ በ1931 ሞተ። ሐሳቡ በመጽሐፍ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የተሰበሰበውም በአብዛኛው ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ከያዙት ማስታወሻ ነው። ማንነት በንግግር ውስጥ ይሠራል ያለው ሰው፣ የራሱን መጽሐፍ የሠሩለት አድማጮቹ ሆኑ።

ዓይኑ እውነትም ሲሠራን

እስካሁን ግምት ግምት ስል ቆይቻለሁ። የሰው ትክክለኛ አመለካከት ምንም አያደርገንም ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንዴ ሳናውቀው ይሠራናል።

በ1977 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ስናይደርና ሁለት ባልደረቦቹ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ተማሪዎችን በስልክ አገናኙ። ወንዱ ከመደወሉ በፊት የምታወራው እሷን ነው ተብሎ ፎቶ ይሰጠዋል። ፎቶው የእሷ አይደለም። ለግማሾቹ የቆንጆ ሴት፣ ለግማሾቹ ደግሞ እንደዚያ ያልሆነች ሴት ፎቶ ነው የተሰጣቸው። ሴቶቹ ስለ ፎቶ የሚያውቁት ነገር የለም።

ከዚያ የሴቶቹ ድምፅ ብቻ ተለይቶ፣ ምንም ለማያውቁ አድማጮች ተሰጠ። አድማጮቹ ቆንጆ ናት ተብላ የታሰበችውን ሴት ይበልጥ ሞቅ ያለች፣ ተጫዋችና ተግባቢ ሆና አገኟት። ሌላኛዋን ቀዝቀዝ ያለች። ወንዱ የጠበቀውን ሰው ይዞ ደወለ፤ በዚያው ድምፅ አዋራት፤ እሷም በዚያው ድምፅ መለሰችለት። ስልኩ ሲዘጋ እሱ "እንዳሰብኳት ናት" ይላል። እሷስ? ምናልባት "ዛሬ ምን ሆኜ ነው ወሬ ያቃተኝ" ትል ይሆናል። ፎቶውን አላየችማ።

ሰው የሰጠንን ቦታ መቀበል ብቻም ሳይሆን አጥብቀን የምንይዝበት ጊዜም አለ። ዊልያም ስዋን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1990ዎቹ ባወጣቸው ሥራዎች፣ ስለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች ከሚያሞግሳቸው ሰው ይልቅ ዝቅ አድርጎ ከሚያያቸው ጋር መሆንን እንደሚመርጡ አሳይቷል። እንቆቅልሽ ይመስላል። ግን ሙገሳው የማያውቁትን ሰው ነው የሚያሳያቸው። "ይሄ ሰው ወይ አላወቀኝም፣ ወይ አንድ ነገር ፈልጎ ነው" ያሰኛል። ወቀሳው ቢያምም የሚያውቁት ቤት ነው። "ጎበዝ ነሽ" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የምትሸሽ ሰው የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል።

የመገለል ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ኪፕሊንግ ዊልያምስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፓርክ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ፍሪዝቢ (እየተወረወረ የሚቀባበሉት ክብ የፕላስቲክ ሳህን) መጥቶ ነካው። አንስቶ ለሁለት የማያውቃቸው ወጣቶች ወረወረላቸው። እነሱም መለሱለት። ጥቂት ደቂቃ ተቀባበሉ። ከዚያ ድንገት ለእሱ መወርወሩን ተዉት። ዊልያምስ በተሰማው ስሜት ራሱ ደነገጠ። ሰዎቹን አያውቃቸውም፤ ጨዋታውንም አልፈለገውም ነበር። ነገሩን ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ ለወጠው። ሦስት ሰው ኳስ ይቀባበላል፤ ጥቂት ቆይቶ ለአንዱ መስጠት ይቆማል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ተጫዋቹ ከዚያ ሲጠየቅ ስለራሱ ያለው ግምት ወርዶ ይገኛል። በ2004 በወጣው ሥራ፣ ኳሱን የነፈጋችሁ ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው ተብሎ እየተነገራቸውም ሰዎች ተሰምቷቸዋል።

ሌላው የሥነ ልቦና ምሁር ማርክ ሊሪ በ1995 ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ ያሳምነኛል። ለራሳችን ያለን ግምት የመኪና ነዳጅ መለኪያ ዓይነት ነገር ነው ይላል። መለኪያው ራሱ ነዳጅ አይደለም። ከሰዎች ጋር ያለን ትስስር እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ የሚለውን ነው የሚጠቁመው። እንዲህ ከሆነ መስታወት ፊት ቆሞ "እኔ ድንቅ ነኝ" እያሉ መደጋገም የመለኪያውን ቀስት በጣት እንደመግፋት ነው።

ይሉኝታ ቁጥር ሲሆን

አሁን ወደ ስልካችን። ፌስቡክ "ላይክ" የምትለዋን ቁልፍ ያመጣው በየካቲት 2009 ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ከዚያ በፊት ሰው ስለእኛ የሚያስበውን የምንገምተው ከፊት፣ ከድምፅ፣ ከዝምታ ነበር። ሁሉም ለትርጉም ክፍት ነው። አሁን ግምቱ ቁጥር ሆነ። ቁጥር ደግሞ እውነት ይመስላል።

ግን ቁጥሩ የሚለካው ምንድን ነው? ማን ስልኩን በዚያ ሰዓት እንደከፈተ፣ የመተግበሪያው ቀመር ለማን እንዳሳየው፣ ጣት ምን ያህል እንደሰነፈ። 14 ላይክ "14 ሰው ወደደኝ" ማለት አይደለም፤ "ሌላው ጠላኝ" ማለት ደግሞ ጭራሽ አይደለም። እኛ ግን የምናነበው እንደዚያ ነው። የድሮው ግምት አልቀረም። አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ፊትን እንተረጉም የነበርነው አሁን ቁጥርን እንተረጉማለን።

ኢንስታግራም በ2019 በተወሰኑ አገሮች የላይክ ቁጥርን መደበቅ ሞከረ። በ2021 ምርጫውን ለሁሉም ሰጠ። የኩባንያው ኃላፊ አዳም ሞሴሪ ያኔ እንደተናገረው፣ መደበቁ በሰዎች ስሜት ላይ የተጠበቀውን ያህል ለውጥ አላመጣም። አንዳንዱ ወደደው፣ ሌላው ተናደደበት። እኔን አልገረመኝም። ቁጥሩን መደበቅ ይቻላል፤ "ስንት ሆኖ ይሆን?" የሚለውን ሐሳብ ግን ማን ይደብቀዋል?

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ጉዳይም እዚህ ነው ያለው። የጄምስ ብዙ "እኔዎች" እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። አንድ ገጽ ላይ ግን እናት፣ አለቃ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛና የቀድሞ ፍቅረኛ አብረው ተቀምጠዋል። ለየትኛው መስታወት ነው የሚለበሰው? ብዙ ሰው ከዚህ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማይመስል ነገር ይለጥፋል። ወይ ደግሞ ሌላ ስም አውጥቶ በጓሮ ይገባል። የሚጽፈውን አምስቴ አጥፍቶ በመጨረሻ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ሰነፍ አይምሰላችሁ። ያን ሁሉ ተመልካች በአንድ ጊዜ ማስደሰት አቅቶት ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ መስታወት መጥቷል። ሰው ለማንም የማይናገረውን ለቻትቦት፣ እንደ ሰው ለሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ያወራል። "ከአለቃዬ ጋር እንዲህ ተባባልን፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በሰከንድ ይመጣል፤ አይሰለችም፤ አይቀየምም። ሚያዝያ 2025 ላይ ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ቻትጂፒቲ ለሚባለው ቻትቦቱ ያወጣውን አንድ ማሻሻያ በቀናት ውስጥ መልሶ ለማንሳት ተገድዷል። ምክንያቱ መሣሪያው አጨብጫቢ ሆኖ መገኘቱ ነበር። የሚነገረውን ሁሉ ያሞካሽ ነበር።

ማሻሻያው ተነሳ። ጥያቄው ግን አልተነሳም። የጋለፕ ብቸኛ ቺምፓንዚዎች ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣብኛል። ቻትቦት እኔ የጻፍኩትን ታሪክ ብቻ ነው የሚያውቀው። አለቃዬ ክፉ፣ እኔ የተበደልኩ ሆኜ ከጻፍኩ፣ የሚመልስልኝ በዚያው ዓለም ውስጥ ሆኖ ነው። ጓደኛ ግን "ቆይ እንጂ፣ ባለፈውም እንዲህ ብለህ አልነበር?" ይላል። ቅንድቡን ያነሳል። የማላስታውሰውን ያስታውሳል። ያልጠበቅሁትን ይላል። ግምቴ የሚታረመው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኛው ሰው ከገመትኩት ውጭ ሲሆንብኝ። ከገመትኩት ውጭ የማይወጣ አነጋጋሪ፣ ቢያጽናናም፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በጓደኛዬ ስም በራሴ ላይ ስፈርድ ከነበርኩት ከእኔው ብዙም አይለይም። ፍርዱ ለእኔ ማድላቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ጓደኛዬ ማታ ላይ መለሰ። መልእክቴን ማንበብ እንደጨረሰ ትንሿ ልጁ ስልኩን ነጥቃው ስትጫወትበት ባትሪው አልቆ ነበር። ለቀልዷ ሦስት የሳቅ ምልክት አስቀምጦላታል።

ከሳምንት በኋላ ስንገናኝ ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ ዝም አለና፣ "እኔ ደግሞ" አለ፣ "ረጅም ረጅም መልእክት የምትልክልኝ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ስለሰለቸህ ይመስለኝ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ኧረ ቆይቷል" አለኝ።